ኢንጂነሪንግና ሊበራል አርትስ፦ ሁለቱንም ለሚፈልግ ልጅ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

ባለፈው እሁድ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ቤት ለቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ቡናው ሰበብ ነው። የተፈለግኩት ለልጇ ጉዳይ ነበር። ልጁን ሁለት ቦታ ተቀብለውታል። አንዱ ኮሌጅ ፓርክ የሚባል ከተማ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ለኢንጂነሪንግ። ሌላው ፔንስልቬንያ ውስጥ ያለ ትንሽ የሊበራል አርትስ ኮሌጅ ነው። ከኮሌጁ ደብዳቤ ጋር አንድ የሚያምር ወረቀት አለ። ሦስት ዓመት እኛ ጋ፣ ሁለት ዓመት ደግሞ ትልቅ የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት፣ በመጨረሻ ሁለት ዲግሪ ይላል።

አባቱ ወረቀቱን ገለበጥ ገለበጥ አድርጎ "ሊበራል አርትስ ምንድነው? ሥዕል ነው?" አለ። ልጁ ታሪክ እንደሚወድ፣ ሁለቱንም መማር እንደሚፈልግ ሊያስረዳው ሞከረ። "ታሪክ ከወደድክ ቅዳሜ ቅዳሜ አንብብ!" አለና ስኒውን አስቀመጠ። ወደ እኔ ዞሮ "አንተ ኢንጂነር ነህ፣ ፍረድ" አለኝ።

እዚያው መፍረድ አልቻልኩም። አባትየው ስለ ገንዘብና ስለ ሥራ ያነሳው ልክ ነው። ልጁም ልክ ነው። እኔ ሲቪል ኢንጂነሪንግ የተማርኩት አምስት ኪሎ ነው። ታሪክ፣ ፍልስፍናና ሥነ ጽሑፍ የሚማሩት ስድስት ኪሎ ናቸው። በእግር 10 ደቂቃ አይሞላም፤ እኔ ግን ለክፍል ብዬ አንድም ቀን ያንን መንገድ አልወጣሁም። ሥራ ከያዝኩ በኋላ የጻፍኩት የመጀመሪያ ሪፖርት በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ ተመልሶልኛል። ስሌቱ ትክክል ነበር። ችግሩ፣ ያነበበው ሰው ምን ማለት እንደፈለግኩ አለማወቁ ነው።

ስለዚህ ቤት ገብቼ ያለኝን ሁሉ ሰብስቤ ጻፍኩለት። ይኸው።

ቃሉን እናጥራ

ሊበራል አርትስ ሥዕል አይደለም። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ባዮሎጂ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ቋንቋ ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ። ልዩነቱ አንድ ሙያ ብቻ ይዘህ አትገባም። ሰፋ አድርገህ ትጀምርና በኋላ ሜጀርህን፣ ማለት ዋና መስክህን፣ ትመርጣለህ። ክፍሉ ትንሽ ነው፣ መጻፍና መከራከር ይበዛል፣ መምህሩ በስም ያውቅሃል።

ኢንጂነሪንግ ላይ ይሄ ምን ይጨምራል የሚል ካለ የአዲስ አበባን ኮንዶሚኒየም ይመልከት። በየብሎኩ መሃል የጋራ መገልገያ ሕንፃ ተሠርቷል። በዓል ሲመጣ በግ የሚታረደው የት ነው? ትልቁ ድስት የሚጣደውስ የት? ሳሎን ውስጥ አይሆንም። ይህን ጥያቄ የሚወልደው ሰው እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ነው እንጂ የብረትና የሲሚንቶ ስሌት አይደለም። የአንዳንዱ ግቢ የጋራ ሕንፃ በኋላ ለሌላ አገልግሎት መዋሉ ደግሞ ሌላ የሶሺዮሎጂ ጥያቄ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አጣሩ

አሜሪካ ውስጥ የኢንጂነሪንግ ዲግሪን መዝኖ ዕውቅና የሚሰጠው ድርጅት ኤቤት ይባላል። ስማቸው ሲጠራ "አቤት" የምንለውን ስለሚመስል አይረሳም። የምትገቡበት ፕሮግራም "ኤቤት አለው ወይ?" ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አጭርና ግልጽ መሆን አለበት።

ለምን? ንድፍ ላይ ፈርሞ ማኅተም ለመምታት ፒኢ የሚባል ላይሰንስ ያስፈልጋል። የተለመደው መንገድ ኤቤት ያለው ዲግሪ፣ ቀጥሎ ኤፍኢ የሚባለው ፈተና፣ ቀጥሎ 4 ዓመት ሥራ፣ ከዚያ የፒኢ ፈተና ነው። ዲግሪው ኤቤት ከሌለው በአንዳንድ ስቴት መንገዱ ይረዝማል፣ በአንዳንዱ ይዘጋል። ድልድይ፣ ሕንፃ፣ ውኃ ለሚያስብ ልጅ ይህ ዋና ጉዳይ ነው። ሶፍትዌር ወይም ቺፕ ላይ ለሚሠራ ግን ላይሰንሱን የሚጠይቀው ሰው እምብዛም የለም። ሶፍትዌር ለሚያስበው ልጅ ኤቤት ጥሩ ነው፤ ባይኖርም ሰማይ አይደፋም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። አንድ ኮሌጅ ሁለት ዓይነት የኢንጂነሪንግ ዲግሪ ሊኖረው ይችላል። ብራውን ዩኒቨርሲቲ ኤስሲቢ የሚባለው የሳይንስ ባችለር ኤቤት አለው፣ በኢንጂነሪንግ የሚሰጠው ኤቢ፣ ማለት የአርትስ ባችለሩ፣ ግን የለውም። ዳርትመዝም እንደዚያው ነው። ሁሉም መጀመሪያ ኤቢ ይይዛል፤ ኤቤት ያለው ቢኢ የሚባለው ተጨማሪ የኢንጂነሪንግ ባችለር ነው። ስሚዝ ኮሌጅም ከኤቤቱ ዲግሪ ጎን ሌላ ቀለል ያለ አለው። የኮሌጁ ስም ትልቅ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ዲግሪ አንድ አይደለም።

አንደኛው መንገድ፦ ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር

ለእኔ ከሁሉ የሚሻለው ይኼ ነው። ከጅምሩ ልናገር።

አንዳንድ ትንንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች የራሳቸው ኢንጂነሪንግ አላቸው። 4 ዓመት፣ አንድ ግቢ፣ አንድ የገንዘብ እርዳታ ደብዳቤ። ፊላዴልፊያ አጠገብ ያለው ስዋርዝሞር አጠቃላይ ኢንጂነሪንግ ያስተምራል፣ ኤቤትም አለው። ካሊፎርኒያ ያለው ሃርቪ መድ ደግሞ ሳይንስና ኢንጂነሪንግ ላይ ያተኮረ ሆኖ ተማሪውን ወደ 10 የሚጠጋ የሰብዓዊና የማኅበራዊ ሳይንስ ኮርስ ያስወስዳል። እዚያ ከ1963 ጀምሮ "ክሊኒክ" የሚሉት ነገር አለ። አንድ ድርጅት እውነተኛ ችግሩን ይዞ ይመጣል፣ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ዓመቱን ሙሉ ይሠሩበታል። ስሚዝ የሴቶች ኮሌጅ ነው። በ1999 የራሱን ኢንጂነሪንግ ሲከፍት በአሜሪካ ከሴቶች ኮሌጆች የመጀመሪያው ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን በ2004 አስመረቀ። ሴት ልጅ ያላችሁ ይህን አትለፉት። ክፍል ውስጥ ብቸኛዋ ሴት መሆን ምን እንደሚያደርግ አብረውኝ ከተማሩት እህቶች ሰምቻለሁ።

ፔንስልቬንያ ያለው ላፋየትና ኒው ዮርክ ስቴት ያለው ዩኒየንም ከዚህ ወገን ናቸው። ዩኒየን ሲቪል ኢንጂነሪንግ የጀመረው በ1845 ነው። ሐሳቡ አዲስ ፋሽን እንዳይመስላችሁ ነው ይህን ያነሳሁት።

ጉድለቱስ? ምርጫው ጠባብ ነው። ስዋርዝሞር ሄዶ የኤሮስፔስ ወይም የፔትሮሊየም ዲግሪ አይገኝም። አጠቃላይ ኢንጂነሪንግ ተምሮ በማስተርስ መጥበብ ይቻላል፣ ብዙዎችም ያንን ያደርጋሉ። ላቦራቶሪውም ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ ጋር አይወዳደርም። መግቢያው ደግሞ ጠባብ ነው፣ በተለይ ከኢትዮጵያ ለሚያመለክትና ሙሉ እርዳታ ለሚፈልግ። አብዛኞቹ የውጭ ተማሪን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን ያያሉ። ሳያዩ የሚቀበሉት ጥቂት ናቸው። ከነዚያ ውስጥ ኢንጂነሪንግ ያላቸው ፕሪንስተን፣ የል፣ ሃርቫርድ፣ ኤምአይቲና ዳርትመዝ ይጠቀሳሉ። እነዚህ ደግሞ በሌላ ምክንያት ጠባብ መሆናቸውን ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው፦ ሦስት ሲደመር ሁለት

የእህቴ ልጅ ወረቀት ላይ ያለው ይኼ ነው፤ በአጭሩ 3-2 ይባላል። 3 ዓመት ሊበራል አርትስ ኮሌጅ፣ ከዚያ 2 ዓመት የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት። ከመጀመሪያው ቢኤ፣ ከሁለተኛው ቢኤስ። ኮሎምቢያና ሴንት ሉዊስ ያለው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ዓይነት ስምምነት አላቸው።

በወረቀት ላይ ማር ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በ3-2 አስበው ኮሌጅ ከሚገቡት ውስጥ እስከ መጨረሻ የሚሄዱት ጥቂት ናቸው። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም።

አንደኛ፣ ጓደኛ ነው። ልጁ ሦስት ዓመት ዶርም አብሯቸው የኖረውን ልጆች ትቶ ልክ እነሱ ሊመረቁ ሲሉ ሌላ ከተማ ይገባል። እዚያ የሚያውቀው ሰው የለም። የሚጠብቀው ደግሞ በጣም ከባዱ የኢንጂነሪንግ ክፍል ነው። በ18 ዓመቱ ይህን ማንም አያስብም። በ21 ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ሁሉ ይቀርና ይህ ብቻ ይታየዋል።

ሁለተኛ፣ የኮርሱ ሰንሰለት ነው። ካልኩለስ እስከ ዲፈረንሻል ኢኩዌዥን፣ በካልኩለስ የሚሠራ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ፕሮግራሚንግ፣ ሁሉም በሦስት ዓመት ማለቅ አለበት። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ኮሌጅ ሜጀርና የጋራ ኮርሶች አሉ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ካልኩለስ ያልያዘ ልጅ ዓመት ሊገፋበት ይችላል። ጂፒኤም ይጠየቃል። አንዳንዱ ትምህርት ቤት መስፈርቱን ካሟላህ ቦታህ የተጠበቀ ነው ይላል፣ አንዳንዱ እንደማንኛውም ሰው ተወዳደር ይላል። "ስምምነት አለን" ማለት "ትገባለህ" ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ ልቆይ፤ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ስለሆነ።

የመጀመሪያው ኮሌጅ የሰጠው ስኮላርሺፕ ለሦስት ዓመት ነው። ልጁ ሲሄድ እሱ እዚያው ይቀራል። ሁለተኛው ትምህርት ቤት የራሱን ስሌት ይሠራል፣ ለ3-2 ተማሪ የሚሰጠውም ለራሱ ተማሪ ከሚሰጠው ሊያንስ ይችላል። ስመ ጥር የግል ኮሌጆች ማደሪያና ምግብ ጨምሮ በዓመት ከ80,000 ዶላር በላይ ይጠይቃሉ። አምስተኛው ዓመት ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የሚከፈለው። አንዴ ለትምህርት ቤቱ፤ አንዴ ደግሞ በዚያ ዓመት ሊገኝ ይችል በነበረው ደሞዝ። ጀማሪ ኢንጂነር 70,000 ዶላርና ከዚያ በላይ በሚያገኝበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዳርትመዝ ጓደኛ የሚለየውን ችግር የሚያቃልል ሌላ ዓይነት አለው። ተማሪው ሁለት ዓመት በኮሌጁ ይማራል፣ ሦስተኛውን ዓመት ዳርትመዝ ይሄዳል፣ አራተኛውን ተመልሶ ከጓደኞቹ ጋር ይመረቃል፣ ለአምስተኛው እንደገና ዳርትመዝ። ለልብ ጥሩ ነው። ግን ልብ በሉ። ፔል ግራንት፣ ማለት ፌዴራል መንግሥቱ አቅም ለሌለው ተማሪ የሚሰጠው የማይመለስ ገንዘብ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ገና ላልያዘ ብቻ ነው። በአራተኛው ዓመት ቢኤውን ከተቀበለ አምስተኛው ዓመት ላይ ፔል የለም። ሁለቱ ዲግሪዎች በመጨረሻ አብረው በሚሰጡበት ፕሮግራም ግን ይህ ችግር አይነሳም። በፔል ለሚማር ልጅ ዲግሪው መቼ እንደሚሰጥ መጠየቅ ግድ ነው።

3-2ን የማወድስበት አንድ ቦታ አለ። አትላንታ። ስፔልማን፣ ሞርሃውስና ክላርክ አትላንታ ከጆርጂያ ቴክ ጋር የቆየ የሁለት ዲግሪ ፕሮግራም አላቸው። ሁሉም እዚያው ከተማ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ይቀይራል እንጂ ከተማ አይቀይርም፤ ጓደኛውም ቤተ ክርስቲያኑም አጠገቡ ናቸው። የጆርጂያ ነዋሪ ከሆነ ደግሞ ጆርጂያ ቴክ ላይ የስቴቱን ዋጋ ይከፍላል። ክላርክስተን ወይም ደካልብ ያላችሁ ቤተሰቦች ይህን ለብቻው አስሉት።

ሦስተኛው፦ ትልቅ ኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት ገብቶ ሌላውን ማከል

የኤቤት መስፈርት ቢያንስ 30 ክሬዲት ሒሳብና ሳይንስ፣ 45 ክሬዲት ኢንጂነሪንግ ይላል። ድምሩ 75 ነው። ዲግሪው 120 እና ከዚያ በላይ ክሬዲት ስለሆነ 45 ገደማ ይተርፋል ማለት ነው። በወረቀት። በተግባር ዲፓርትመንቱ ራሱ አብዛኛውን ይውጠዋል። የቀረችውን ግን እንዴት እንደምትጠቀምባት ልዩነት ታመጣለች። አንዱ ተማሪ በቀላሉ "ኤ" የሚገኝበትን አምስት ኮርስ ከአምስት ዲፓርትመንት ይለቅማል። ሌላው እዚያችው ላይ የታሪክ ማይነር፣ ማለት ከሜጀሩ ጎን የሚያዝ አነስ ያለ ሁለተኛ መስክ፣ ይሠራል። የከፈሉት ያው ነው።

ኤምአይቲ እንኳ ተማሪውን ሁሉ 8 የሰብዓዊ፣ የሥነ ጥበብና የማኅበራዊ ሳይንስ ኮርስ ያስወስዳል። ስለዚህ "ኢንጂነር ታሪክ ምን ያደርግለታል" የሚል ሰው ክርክሩ ከእኔ ጋር ብቻ አይደለም።

ወደ ሜሪላንድ ስንመጣ፣ ለነዋሪ የትምህርት ክፍያው በዓመት 12,000 ዶላር ገደማ ነው፤ ኢንጂነሪንግ ላይ ወደ መጨረሻዎቹ ዓመታት ጭማሪ አለው። ሁለት ሜጀር በአንድ ዲግሪ መያዝና ሁለት ዲግሪ መያዝ እዚያ የተለያዩ ናቸው። ለሁለት ዲግሪ ቢያንስ 150 ክሬዲት ይፈልጋል፣ ያም አምስተኛ ዓመት ማለት ነው። ግን አምስተኛው ዓመት በስቴት ዋጋ፣ እዚያው ግቢ፣ ምናልባትም እናቱ ቤት እያደረ ነው። ከ3-2 ጋር አወዳድሩት።

ከዚህም የሚረክስ አለ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ እዚሁ ሜሪላንድ ያለ የሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ። አበሻ የማይታጣበት ግቢ ነው። ሁለት ዓመት እዚያ ካልኩለሱንም ፊዚክሱንም የታሪኩንም ኮርስ በትንሽ ክፍል ጨርሶ ወደ ኮሌጅ ፓርክ ትራንስፈር ማድረግ የቆየ መንገድ ነው። አንዳንድ ወላጅ "ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ" ሲባል ፊቱ ይጠቁራል። ሰው ምን ይለናል ነው ነገሩ። ዲፕሎማው ላይ ግን የሚጻፈው የጨረሰበት ነው። ጉዳቱ ኢንጂነሪንግ ላይ ትራንስፈር የራሱ መስፈርት ስላለው ውጤት መጠበቅ አለበት፣ አድቫይዘሩንም በየሴሚስተሩ ማየት ያስፈልጋል።

የትልቁ ዩኒቨርሲቲ ችግር ግልጽ ነው። 300 ሰው ያለበት አዳራሽ። መጻፍ የሚያስተምርህ ሰው ፈልገህ ካላገኘኸው አይመጣም። ዓይን አፋር ልጅ አራት ዓመት ሳይናገር ሊወጣ ይችላል። የእኛ ቤት ልጅ ደግሞ ታላቅ ፊት ዝም በል ተብሎ ነው ያደገው።

አራተኛው፦ ፊዚክስ ወይም ሒሳብ ተምሮ በማስተርስ ኢንጂነሪንግ

ይህን ብዙ ሰው አያነሳውም። ሊበራል አርትስ ኮሌጅ 4 ዓመት ፊዚክስ ተምሮ መመረቅ፣ ከዚያ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ኢንጂነሪንግ ማስተርስ። ከ3-2 ጋር ሲተያይ የሚጨምረው ጊዜ ትንሽ ነው፤ የሚገኘው ግን ሁለተኛ ቢኤስ ሳይሆን ማስተርስ ነው። ከጓደኞቹም ጋር ይመረቃል። ማስተርስ ላይ ረዳት አስተማሪ ሆኖ ክፍያውን መሸፈንም አንዳንዴ ይቻላል።

በተማሪ ቪዛ ላለ ልጅ ሌላ ጥቅም አለው። ከምረቃ በኋላ የሚፈቀደው የሥራ ጊዜ፣ ኦፒቲ፣ 12 ወር ነው፤ በሳይንስና ኢንጂነሪንግ መስክ 24 ወር ይጨመራል። ይህ የሚሰጠው በዲግሪ ደረጃ እንጂ በዲግሪ ብዛት አይደለም። ሁለት ባችለር ያለው ልጅ የባችለሩን ኦፒቲ ሁለት ጊዜ አያገኝም። ባችለርና ማስተርስ ያለው ግን ለማስተርሱ አዲስ ያገኛል። ሕጉ ሊለወጥ ስለሚችል የኮሌጁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቁ።

ድክመቱ ያው ላይሰንሱ ነው። ባችለሩ ኤቤት ስለሌለው ሲቪል መሥራት ለሚፈልግ ይህን መንገድ አልመክርም።

አሜሪካ ለሌለ ልጅ

አገር ቤት ላላችሁ፣ መንገዱ ሁሉ በዋሽንግተን አያልፍም። ፓትሪክ አዉዋ የሚባል ጋናዊ ስዋርዝሞር ኢንጂነሪንግና ኢኮኖሚክስ ተምሮ፣ ማይክሮሶፍት ሠርቶ፣ አገሩ ተመልሶ በ2002 አሼሲ የሚባል ዩኒቨርሲቲ ከፈተ። ሲጀመር 30 ተማሪ ነበረው። በ2015 ኢንጂነሪንግ ጨመረ። ኢንጂነሩም ስለ አመራር፣ ስለ ጽሑፍና ስለ አፍሪካ ይማራል። የደነቀኝ ፈተናው ነው፤ የክብር ቃል በገቡ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ፈታኝ አይቆምም። እኛ ጋ ይሄ ቢሞከር ብዬ ሳስብ ብቻዬን ስቄያለሁ። ከመላው አፍሪካ ይቀበላል።

ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አቡ ዳቢም አለ። በ2010 ነው ትምህርት የጀመረው። ሲቪል፣ ሜካኒካል፣ ኤሌክትሪካል ያስተምራል፣ ከዚያ ጋር ሁሉም ተማሪ የሚወስዳቸው የጋራ ኮርሶች አሉት። ኤምሬትስ ዘመድ ላለው ልጅ አማራጭ ነው፤ ውድድሩ ግን ከባድ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ፍሬሽማን ተመልሷል። ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ። ብዙ የኢንጂነሪንግ ተማሪ እንደ ቅጣት ያየዋል። በእኔ ጊዜ እሱም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሌላ ለመጨመር የተለመደው የማታ ወይም የርቀት ትምህርት ነው፤ ቀን ኤሌክትሪካል፣ ማታ ኢኮኖሚክስ ወይም ማኔጅመንት። ያደክማል እንጂ ይቻላል። ውጭ ተምሮ ለሚመለስ ደግሞ የአቻ ግመታ፣ ማለት ዲግሪው ከአገር ቤቱ ጋር መመዘኑ፣ ስላለ፣ ዲግሪው ላይ "ኢንጂነሪንግ" የሚል ቃል በግልጽ ቢኖር ብዙ ምልልስ ይቀንሳል።

የእህቴ ልጅ ነገር

እኔ ብሆን? ኮሌጅ ፓርክ፣ የታሪክ ማይነር። ስዋርዝሞር ወይም ላፋየት በቂ እርዳታ ይዞ ቢመጣ ኖሮ ያለ ማቅማማት እሱን እል ነበር። አልመጣም። ልጁ ሜካኒካል ነው የሚያስበው፣ እናትና አባቱ ብድር አይፈልጉም፣ ታናሿም ከሁለት ዓመት በኋላ ኮሌጅ ትገባለች።

ይህን ስጽፍለት ግን "ትንሹ ኮሌጅ ክፍል ገብቼ አይቻለሁ፣ 14 ልጅ ነው ያለው፣ ሁሉም ይናገራል" ብሎ መለሰልኝ። እዚህ ላይ የምለው አጣሁ። ስለዚህ ለኮሌጁ ሦስት ጥያቄ በኢሜይል እንዲልክ ተስማማን። ባለፉት አምስት ዓመታት ከእናንተ ጋ 3-2ን እስከ መጨረሻ የሄዱት ስንት ናቸው? አሁን የሰጣችሁኝ ስኮላርሺፕ በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት ምን ይሆናል? ባልሄድስ፣ ፊዚክስ ይዤ እዚሁ በአራት ዓመት መመረቅ እችላለሁ?

ለሦስተኛው "አዎ" ብለው በዚያው ቀን መለሱ። ለሁለተኛው የሌላውን ትምህርት ቤት ስልክ ሰጡት። የመጀመሪያውን እንፈልግልሃለን ብለዋል። መወሰኛው ሜይ 1 ነው። አባቱ ስለ ስኮላርሺፑ ራሱ ሊደውል ተነስቷል።